ውሃ ሲነካው የሚወጣ ስም

ይድረስ ባሕር ማዶ እስክንድርያ ለምትኖረው ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለፊሊስታ።

እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ሕፃኑ ጥርስ አወጣ ወይ? የባልሽ የዓይን ሕመምስ ተሻለው? እኛ አለን ለማለት ያህል አለን። እናታችን እህል መቅመስ ጀምራለች። አባታችን ግን ሊኮስን ከቀበርነው ወዲህ ድምፁ ከቤት ጠፍቷል። እኔም የኔታ ሶስትራጦስ ዘንድ ትምህርቴን አላቋረጥኩም፤ ነገር ግን የሚነበበው ሁሉ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

የወንድማችንን መርዶ ስጽፍልሽ አንድ ነገር ደብቄሽ ነበር። ሊኮስ በኢስትሞስ የውድድር በዓል የልጆቹን ሩጫ ሲያሸንፍ ከተማው ገበያ መሃል ያቆመለትን የድንጋይ ሐውልት ታስታውሻለሽ። የሠላሳው ቀን መታሰቢያ እንኳ ሳይወጣ ሸንጎው ለባለጸጋው ለቲማርኪደስ ሰጠው። ቲማርኪደስ የሸንጎውን አዳራሽ ጣራ ስላሠራ ቤተሰቡ ሐውልት ይገባዋል ተባለ። አዲስ ከማስቀረጽ፣ ልጅ ሳይተካ በሞተ ሰው ሐውልት ላይ ስም መቀየር ይቀላል፤ በየከተማው የተለመደ ነው አሉን። ጠራቢው የሊኮስን ስም በመሮ ፍቆ የቲማርኪደስን ልጅ የጎርጎስን ስም ጻፈበት። ፊቱ የወንድማችን፣ ስሙ የዚያ ሆዳም! አባታችን ከዚያ ወዲህ በገበያ አያልፍም፤ በጓሮ መንገድ ይዞራል። አብሮኝ የሚማረው ጎርጎስ ደግሞ «አንተ፣ ወንድምህ እኮ ቁርጥ እኔን ነው» እያለ ይስቅብኛል።

አልዋሽሽም እታለም፣ መዶሻ ደብቄ ነበር። ለድንጋዩ ሳይሆን ለጎርጎስ ጥርስ። እጄን የያዘኝ ቅጣቱ አይደለም፤ እናታችን ሁለተኛ ልጅ እንዳታጣ ብዬ ነው።

እንዲህ ውስጤ ሲነድ ነው እንግዳው የመጣው። ከልድያ የመጣ፣ በበቅሎ የሚሄድ ሽበታም ሰው ነው። የግሪክን አገር ከዳር እስከ ዳር እየዞረ ቤተ መቅደሱን፣ መቃብሩን፣ ሐውልቱን በመጽሐፍ ያሰፍራል። እንግዳ የሚያስጎበኙት የኔታ ስለሆኑ እኛን ተማሪዎቻቸውን አስከትለው አዞሩት። ሄራክለስ የቆፈረውን ቦይ በእርምጃ ለካ። በእህል አምላካችን በዴሜጥራ መቅደስ ያሉትን ሁለት ቅዱሳን ድንጋዮች ደጋግሞ ዞራቸው። የኔታ የአምላካችንን የሄርሜስን ታሪክ ሲያስረዝሙበት «አባቴ፣ ይህችን በሦስት ከተማ ሦስት ዓይነት አድርገው ነግረውኛል» ብሎ አሳቃቸው። የደበዘዘ ጽሑፍ ሲያጋጥመው ከውሃ መያዣው ያፈስበታል፤ ድንጋዩ ሲርስ የጥንቱ ፊደል ጠቆር ብሎ ይወጣል። ይህን ባየሁ ጊዜ ሐሳቤ ወደ ሊኮስ ሐውልት ሄደ።

ቲማርኪደስ መጽሐፍ ውስጥ ለመግባት ጓጉቶ፣ አዲስ ካባ ደርቦ፣ ጎርጎስን ዘይት ቀብቶ ሐውልቱ ሥር ይጠብቀን ነበር። «ይህ የልጄ ሐውልት ነው» አለ። የኔታ ወደሚቀጥለው ሐውልት ሊያሳልፉን ዞሩ። እኔ ግን «ታዲያ የጥድ አክሊል የደፋው የት ሮጦ ነው?» አልኩ። ስሙን ሲቀይሩ አክሊሉን ረስተውት ነበር! የጥድ አክሊል የኢስትሞስ አሸናፊ ምልክት መሆኑን እዚህ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እንግዳው ቀና ብሎ አየና «እውነቱን ነው፤ ልጅዎ ያሸነፈው በየትኛው ዓመት ነው?» ሲለው ቲማርኪደስን ላብ አጠመቀው። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ኧረ ጎርጎስ ሲሮጥ ያየሁት ለምሳ ሲጠራ ብቻ ነው!» ስትል ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ጎርጎስ እንደ ሮማን ቀልቶ አባቱ ካባ ውስጥ ተሸጎጠ።

ያኔ የእንግዳውን ውሃ ነጥቄ ድንጋዩ ላይ አፈሰስኩት። ከጎርጎስ ስም ሥር «ሊኮስ፣ የዴሞፎን ልጅ፣ በኢስትሞስ» የሚለው ወጣ። እንግዳው ጮክ ብሎ አነበበው፤ ጻፈውም። ቲማርኪደስ «ይህ እኮ የሸንጎ ውሳኔ ነው» ብሎ ቢጮህ «እኔ የምጽፈው ፊቱ የማን እንደሆነ ነው» አለው። አዲሱን ጣራ እንዲያይለት እጁን ቢጎትተውም «ጣራ በየአገሩ አለ» ብሎ በቅሎው ላይ ወጣ።

ደስ አለኝ፤ ግን አልጠገብኩም። ፀሐይ ሲመታው ስሙ ተመልሶ ጠፋ። ስለዚህ በየማለዳው፣ ቲማርኪደስ ወደ ሸንጎ በሚያልፍበት ሰዓት፣ አንድ ገንቦ ውሃ አፈስበታለሁ። ሸንጎው ሐውልት መስበርን ይከለክላል እንጂ ውሃ ማፍሰስን የሚከለክል ሕግ የለውም። መጀመሪያ ላይ እሱ በዓይኑ ሊበላኝ ይደርስ ነበር፤ እኔ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳው ነበር። አሁን በጓሮ መንገድ የሚዞረው ቲማርኪደስ ነው። ይዙር! ጎርጎስ አርጅቶ በከዘራ እስኪሄድ ድረስ አፈሳለሁ።

መጽሐፉ አንድ ቀን እስክንድርያ ከደረሰ ፈልገሽ የሊኮስን ስም አንብቢልኝ። የቲማርኪደስን ስም ካገኘሽበት ግን እንዳትደብቂኝ።

አባታችን ገንቦ ተሸክሜ ባየኝ ቁጥር «ተው ልጄ፣ የሞተ አይመለስም» ይለኝ ነበር። ዛሬ ስነሳ ገንቦው እስከ አፉ ተሞልቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። በዚህ ቤት ከእኔ ቀድሞ የሚነሳ እሱ ብቻ ነው።

እናታችን ሕፃኑን ግንባሩን ሳሚልኝ ትላለች። ባልሽን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ለአማትሽም ጤና ይስጥልኝ በያቸው። አባታችንን «ምን ልጻፍልህ?» ስለው «ደህና ነኝ በላት» አለኝ፤ ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ነው።

ታናሽ ወንድምሽ አግያስ

ፌኔዎስ፣ ወይን ተለቅሞ ባለቀ በሰባተኛው ቀን