አባ ላስቲክ የተባሉበት ምክንያት

ዛሬ የምንሸኛቸው አባት በ1938 ዓ.ም. ከጉምሩክ መጋዘኖች ጀርባ ባለው የሠራተኞች ሰፈር፣ ከበር ጠባቂ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። የመሐል ልጅ በመሆናቸው ታላላቆቻቸው የሚጥሉባቸውን ሥራ መሥራት፣ ታናናሾቻቸው የሚያጠፉትን ጥፋት መሸከም ገና በልጅነታቸው ለመዱ።

ቅኝ ገዥዎቹ በከፈቱት ትምህርት ቤት በመማር ላይ ሳሉ፣ በ1954 ዓ.ም. አንዱ ባንዲራ ወርዶ ሌላው ተሰቀለ። አሮጌው የወረቀት ገንዘብም በሦስት ወር ውስጥ በአዲሱ እንዲቀየር ታወጀ። በር ጠባቂው አባታቸው ያላቸውን ሁሉ ቀይረው አንዲት የሃያ ኖት ብቻ በኮፍያቸው ገበር ውስጥ አስቀሩ። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ «ሰዎቹ ረስተውት የሄዱት ዕቃ ቢኖርና ቢመለሱስ? ከሁለቱም ወገን መቀያየም ጥሩ አይደለም» አሉ። ሰዎቹ አልተመለሱም፤ ኖቷ ለልጃቸው ቀረች።

በኖቷ ላይ የአገረ ገዥው ሚስት ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከፊታቸው ለተንበረከከ ሕዝብ የስንዴ ነዶ ሲያድሉ ይታያሉ። ልብስ አጣቢዋ እናታቸው ሥዕሉን ባዩት ቁጥር፣ «ያን ነጭ ልብስ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ስንዴውን ግን አላየሁትም» ይሉ ነበር። ኋላ ልጃቸው ያከማቹት የአሮጌ ገንዘብ ስብስብ ሁሉ የተጀመረው በዚህች ኖት ነው።

በ1957 ዓ.ም. በመንግሥት ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጠሩ። በዚያች መስኮቷ ወደ ግድግዳ በምትከፈት ክፍል ተቀምጠው ለአርባ አንድ ዓመት ሦስት መንግሥታትን አረሙ። ፊደላቸውን ማለታችን ነው፤ ሌላው ስሕተት ከአራሚ ሥልጣን በላይ ነበር። በ1963 ዓ.ም. የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የቤተሰቡ አልነበሩም። በአንድ መነጽር መሸጫ ጓዳ ከሚሰበሰበው የአሮጌ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ማኅበር ጋር ነበሩ። በአርባ ዓመት ውስጥ ስድሳ ሦስት የቅኝ ግዛት ዘመን ኖቶችን ሰበሰቡ። አገረ ገዥው በፈረስ፣ አገረ ገዥው በባቡር፣ ሸክም ተሸክመው የሚስቁ ሰዎች። «እንዲህ የሚያስቀው ሸክም ስንት ኪሎ ቢሆን ነው?» ይሉ ነበር፣ እሳቸው ሳይስቁ።

ከሁሉም ብርቅ የሆነችው፣ ታትማ በአሥራ ዘጠኝ ቀኗ ከገበያ የተሰበሰበችው የሃምሳ ኖት ናት። እልል እያለ አገረ ገዥውን ከሚቀበለው ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ማኅበርተኞቹ ሰውየው አርበኛ ነው ብለው ብዙ ተከራክረዋል። እሳቸው ግን፣ «እባካችሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ ገትረውት ደክሞት ነው» ይሉ ነበር።

ከኖቶቹ ይበልጥ የሚሳሱለት ግን በማኅበሩ ዘንድ የነበራቸው ስም ነበር። አዲስ አባል በገባ ቁጥር ወረንጦ አያያዝ የሚያስተምሩት እሳቸው ነበሩ። «የእሱ ጣት ኖት ነክቶ አያውቅም» ይባልላቸው ነበር። በዚህም ምክንያት ሙዚየሙ ስብስቡን ተረክቦ በስማቸው አንድ ክፍል ሊሰይም ቃል ገባ።

በ1998 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በዚያው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ የአልበሙ ጥግ ረጠበ፤ እሳቸውም ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሱም። ባለቤታቸው ይህን አይተው፣ አልበሙን በቦርሳቸው ይዘው ወደ ሥራ ቦታቸው ወሰዱ። የተማሪዎች መታወቂያ በላስቲክ በሚታሸግበት ማሽን ሦስት ቀን ከምሳ በኋላ እየተቀመጡ፣ ስድሳ ሦስቱንም ኖቶች ላሚኔት አደረጓቸውና የጡረታ ስጦታ ብለው አቀረቡላቸው።

«ከእንግዲህ ዝናብም ምስጥም አይነካቸውም። እየው፣ አንድም አረፋ የለባቸውም» አሏቸው።

በሙቀት የተጣበቀ ላስቲክ ሲላጥ ቀለሙንም ወረቀቱንም ይዞ ይነሳል። በሰብሳቢ ዓይን እንዲህ ያለ ኖት ሞቷል። እሳቸው አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ገለጡ። «እጅሽ ይባረክ» አሉ። ቀጥሎ ውሃ ጠየቁ። ጉንፋን ይዞኛል ብለው ሦስት ቅዳሜ ከቤት አልወጡም፤ ከዚያ በኋላም አልበሙን ለማንም ሳያሳዩ ሰባት ዓመት ቆዩ።

በ2005 ዓ.ም. የሙዚየሙ ባለሙያ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ከሆኑት የጥርስ ሐኪም ጋር ቤታቸው መጡ። አልበሙ ተከፈተ። ባለሙያዋ ጓንታቸውን መልሰው አወለቁ፤ ለላስቲክ ጓንት አያስፈልግም።

«ማነው ይህን ያደረገው?» አሉ።

ባለቤታቸው ውሃ በሰርቪስ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«እኔ ነኝ። እርጥበት ፈርቼ» አሉ እሳቸው፣ ከባለቤታቸው ቀድመው።

«አንተ ሰውዬ!» አሉ የጥርስ ሐኪሙ፣ «አርባ ዓመት በወረንጦ ያዙ እያልክ ስታስለቅሰን ኖረህ፣ አንተ በካውያ ተኮስከው?»

እንግዶቹ ሲሄዱ ባለቤታቸው ሰርቪሱን መሬት አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ። እሳቸው፣ «ደግሞ ሙዚየም! ማን ሊያየው ነው?» ብለው ገና በአሥር ሰዓት ተኙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም ዐወቁ፤ ሁለቱም ዝም አሉ።

የሙዚየሙ ክፍል ለቴምብር ሰብሳቢ ተሰጠ። ማኅበሩ ደግሞ «አባ ላስቲክ» የሚል ስም ሰጣቸው። «አባ ላስቲክ፣ ዛሬ ጃንጥላ አልያዝክም? ለነገሩ አንተን ምን ይነካሃል!» ይሏቸው ነበር። አብረው ይስቁ ነበር። ወረንጦ አያያዝ የሚጠይቃቸው ግን አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየቀሩ ሄደው በመጨረሻ ተዉት።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የልብ ድካም እንዳለባቸው ተነገራቸው። «ሌላውን ገና አላያችሁትም ማለት ነው» ብለው ሐኪሞቹን አሳቁ። ባለቤታቸው አልጋው አጠገብ ሆነው ያንን ነገር ሊያነሱ ሲሞክሩ፣ «ተይው በቃ። ደክሞኛል፤ አዲስ ነገር አትጀምሪብኝ» አሏቸው። በቤትና በሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ፣ «ስብስባቸው ላይ ጉዳት ደረሰ» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበር። ለባለቤታቸው ሲነበብላቸው አስቆሙን። «ደረሰ ማለት ምን ማለት ነው? በእግሩ መጣ? ጻፉ» አሉን። ቃላቸው እንዳለ ይህ ነው፦

«ላሚኔት ያደረግኋቸው እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ ደስ ብሎኝ። እሱ ጣቱን አላሳረፈባቸውም። ሰባት ዓመት እንዳይከፋኝ ደበቀኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት በእኔ ፈንታ ተሳቀበት። እኔ ደግሞ ዐውቄ ዝም አልኩ፤ አፍሬ። የማኅበሩ ሰዎች ከፊት ይቀመጡልኝ። የጥርስ ሐኪሙ ጆሯቸው ስለደከመ ይህ ቦታ ሁለት ጊዜ ይነበብ።»

በድጋሚ ይነበባል፦ ላሚኔት ያደረጉት ባለቤታቸው ናቸው። እሳቸው ጣታቸውን አላሳረፉባቸውም።

በሕይወት ሳሉ ያላገኙትን ዕረፍት ፈጣሪ ለነፍሳቸው ይስጥልን። ለባለቤታቸውም ብርታቱን ያድልልን።