ለእግሬ ተለክቶ የተሠራው ደረጃ

ውድ እህቴ፣

ይህን ወረቀት የምታነቢው መሪ ይዘሽ ከሆነ መጀመሪያ መኪናሽን ዳር አቁሚ። ከባድ ዜና ነው። እቤታችን ተወልዶ፣ ቀለም እንኳ ሳይቀባ በለጋ ዕድሜው የተቀጨ ዘመድ አለን። እሱም ወደ ቆጡ የሚያወጣው ደረጃ ነው። ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እመኛለሁ፤ እኔ ራሴ ገና ከድንጋጤዬ አልተመለስኩም።

ነገሩ የጀመረው አባባ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ "ና፣ ቁም" ያለኝ ቀን ነው። እግሬን ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ለካኝ። የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኜ በተቀደደ ሱሪ መዞሬ አሳፍሮት ነው ብዬ "ኪሱ ሰፋ ይበል" አልኩት። ሱሪው ሳንቃ ሆኖ መጣ። ምስማር ሲመታ ሰነበተና አሮጌ ሻንጣ ወደምንወረውርበት ቆጥ ደረጃ አቆመ፤ እያንዳንዱ እርከን ልክ በእኔ እግር። እማዬ ሁለተኛው ላይ ደርሳ "እኔ ፍየል አይደለሁም" ብላ ወረደች። እኔን ግን አባባ ምክንያቱን ሳይነግረኝ "ፍራሽህን ይዘህ ውጣ" አለኝ።

መዶሻው ያሰለቸው ጎረቤት ጠቁሞ ኖሮ የግንባታ ተቆጣጣሪው መጣ። እኔ ቆጡ ላይ ተጋድሜያለሁ።

"ሰው ይተኛበታል?"

"ኧረ የለም፣ ዕቃ ብቻ ነው" አለ አባባ።

አቧራው አፍንጫዬ ገባና አነጠስኩ።

"ይማርህ" አለ አባባ፣ ቀና ብሎ።

ተቆጣጣሪው ወደ ቆጡ አንጋጠጠ። "ዕቃውን ነው?"

ከዚያ መለካት ጀመረ። "አባቴ፣ ለዕቃ ከሆነ የሚነሣ መሰላል ይበቃል። ቋሚ ደረጃ ከሠሩ ግን ለሕፃንም ለሽማግሌም መሆን አለበት። እርከኑ ዝቅ፣ መርገጫው ሰፋ፣ መደገፊያ ያለው፣ ራስ የማያስመታ። ደረጃ እንደ ሱሪ በአንድ ሰው ልክ አይሰፋም።"

"ቢስተካከልስ?"

ሰውዬው በጠመኔ ወለሉ ላይ አሰመረ። ደረጃው ዳገትነቱ ሲቀንስ ርዝመቱ ይጨምራል አለ፤ መስመሩ ሄዶ ሄዶ የድሮ ክፍልሽ ገባና አልጋሽ ሥር ቆመ።

"ይህን ግድግዳ ያፈርሳሉ፤ ክፍሉን ደረጃው ይበላዋል።"

አባባ መስመሩን አየው። በጫማው አጠፋው።

"አይሆንም። እዚህ ልጄ ናት የምትተኛው።"

"እዚህ የሚተኛው ይሄ ዕቃ የሚሉት አይደለም እንዴ?" አለ ተቆጣጣሪው፣ ወደ እኔ እየጠቆመ።

"እሱ ክፍሉን እንዲለቅላት ብዬ እኮ ነው የሠራሁት። ሹፌሯ ስትመጣ የት ልትገባ ነው?"

ሹፌሯ አለሽ፣ እህቴ። ስፌቱን ትተሽ የጭነት መኪና ልንዳ ያልሽ ለት "ከእንግዲህ እዚህ ቤት ክፍል የለሽም" ያለው፣ ስምሽ ሲነሣ የሬዲዮ ድምፅ የሚጨምረው ሰውዬ። እማዬ "ዝጋው፣ ዝንብ ይገባል" እስክትለኝ ድረስ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

በማግስቱ ራሱ አፈረሰው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ አባባ ግን የብብቱን ጨብጦ የቆጡን ተወው። በሳንቃው የአልጋሽን የተሰበረ ርብራብ ጠገነ። እኔ ሳሎን ወንበር ላይ ነኝ፤ እግሬ ይተርፋል፣ አባባ ልኩን ያውቃል መቼም።

አባባን "ጻፍላታ" ስለው "ስለ ክፍሉ የነገርካት እንደሆነ ወዮልህ" አለኝ። ስለዚህ ይህን አላነበብሽም።

ደግሞ ሲታሰብ ይህን ያህል የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ጥቂት ሳንቃ ቦታ ቀየረ፣ እኔም ሱሪ ሳላገኝ ቀረሁ፤ ይኸው ነው። ስትመጪ ብቻ ጡሩምባ ነፍተሽ ግቢ፤ አባባ ያልጠበቀሽ ይመስል ዘንድ ጊዜ ይፈልጋል።

ያነጠሰው ዕቃ፣
ወንድምሽ