ብስኩት የተቀረጸበት ቆዳ

ለልጄ እናት፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ብርዱን ቻለው ወይስ ዘንድሮም በከዘራ ነሽ? እህትሽስ አሁንም በቴሌቪዥኑ ትጨቃጨቅሻለች? የቢሊንግስ በረዶ እንደኛው እንደ ሸሪዳን ከሆነ ከቤት ባትወጡ ይሻላል። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ውሸቴን ድሮም ከፊቴ ላይ ታነቢው ነበር።

የምጽፍልሽ ስለ ሥራዎቼ ኤግዚቢሽን ነው። ከበሩ ስትገቢ አይቼሻለሁ። ያን ሰማያዊ ካፖርትሽን ለብሰሽ፣ በሰው መሀል ሹልክ ብለሽ በቀጥታ ወደ ልጃችን ወደ ኮልተር ሥዕል ሄድሽ። እኔን ደግሞ አንድ የቴክሳስ ሀብታም ክንዴን ይዞ ስለ ኮርቻ ሲያደርቀኝ ነበር። ተላቅቄ ስመጣ የለሽም። ሰላም አላልሽኝ፣ አልሰደብሽኝ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

በእጁ ምክንያት የሄድሽ መሰለኝ። ልጃችን ልጓም የሚይዘው በግራው እንደነበር እኔና አንቺ እናውቃለን፤ ሥዕሉ ላይ ግን በቀኙ ይዟል። ‹‹ይሄ ሰውዬ የራሱን ልጅ እንኳ ረሳው›› ብትዪ አይፈረድብሽም። አልረሳሁም። አፈር ስሆን እመኚኝ፣ አልረሳሁም።

የሆነው እንዲህ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን ቆዳ ስቀርጽ የኖርኩ ሰው፣ እንዳየሁት ነው የምቀርጸው። ኮርቻ ላይ አበባው ወዲህ ዞረ ወዲያ ማን ግድ አለው? ቆዳውን አርጥቤ፣ ግራ እጁን ግራ አድርጌ፣ የጓንቱን ስፌት ሳይቀር አወጣሁት። ከዚያ ጎረቤቴ ኦቲስ፣ ያ የህትመት ሰው፣ ቆዳውን ቀለም ቀብተን ወረቀት ላይ እናትመው ብሎ ነዘነዘኝ። የመጀመሪያው ወረቀት ከቆዳው ሲላቀቅ ልጄ ተገልብጦ ወጣ። ግራው ቀኝ ሆነ። ኦቲስ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ‹‹አንተ ሽማግሌ፣ ህትመት እንደ መስታወት እንደሚገለብጥ ሕፃን ያውቃል እኮ! እኔ ደግሞ አስበህበት ነው ብዬ!›› አለኝ። ፊቴን ሲያይ ነው ሳቁን የዋጠው። እንደገና እንዳልቀርጸው እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ያንን ፊት ሁለተኛ የማወጣበት እጅ የለኝም። እናም እንዳለ ታተመ።

በኤግዚቢሽኑ ማግሥት ይህን ልጽፍልሽ ተነሥቼ ሳለሁ ነው የሥዕል ቤቱ ባለቤት ቨርሊን ደውላ፣ ስትወጪ በር ላይ ምን እንዳልሻት የነገረችኝ። ‹‹ፈረሱን አሳምሮታል›› ነው ያልሻት። እሷ ምስጋና መስሏት፣ ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። እኔ ስልኩን ዘግቼ ቆዳው ላይ ያለውን ፈረሳችንን፣ ብስኩትን ሄጄ አየሁት።

ብስኩትን አሳመርኩት፤ እውነትሽን ነው። እናቱ ስትሞትበት አንቺ ኩሽና ውስጥ በጡጦ ያሳደግሽውን፣ ስም ያወጣሽለትን ውርንጭላ። አልገራ ሲለን ያልተገራ ፈረስ ለሚጋለብበት ውድድር፣ ለሮዴዮ ሰጠነው፤ ቆይቶ ኮልተር በውድድሩ የሚጋልበውን ፈረስ በዕጣ ሲያወጣ እሱው ደረሰው፤ ወድቆ የቀረብንም ከእሱው ጀርባ ነው። ያን ጠዋት ዕጣውን ሰምተሽ ለልጁ ምን እንዳልሽው እዚህ ላይ አልጽፈውም። ለማንም አልተናገርኩም፣ ወደፊትም አልናገርም። እኔ ግን የዚያን ፈረስ ጋማ እያስጌጥኩ፣ ከሥሩ የዱር ጽጌረዳ እየበተንኩ ክረምቱን ሙሉ ከረምኩ። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ! አንድም ቀን አንቺ ይህን ፈረስ ታይዋለሽ ብዬ አላሰብኩም።

የህትመት ሰዎች ደግሞ አንድ ልማድ አላቸው። የተባለው ያህል ቅጂ ከታተመ በኋላ ማንም እንዳይጨምርበት፣ ቅርጹ ላይ በገዢዎቹ ፊት ቢላ ይሳብበታል። ኮልተር ልጓሙን በግራ እጁ የያዘው ግን እዚያ ቆዳ ላይ ብቻ ነው። ይቅርብኝ ብዬ ቨርሊንን ለመንኳት። ‹‹ተው እንጂ ጋሼ፣ ቃል ገብተዋል እኮ! አንዲት መስመር ናት፤ ሳብ ማድረግ ነው፣ በቃ›› አለችኝ።

ቅዳሜ ዕለት የወይን ብርጭቆአቸውን ይዘው ከበቡኝ። የራሴን ቢላ አወጣሁ። እጄ ወደ ልጁ አልሄድ አለኝ። ፈረሱ አንገት ላይ ሳብኩት። አጨበጨቡ። ደንቡ እዚያ ላይ አበቃ፤ እኔ ግን አላቆምኩም። አንገቱን፣ ያን ያሳመርኩትን ጋማ፣ እግሮቹን፣ ጽጌረዳውን ሳይቀር ቆራርጬ አወጣሁት። ጭብጨባው ቀጥ አለ። ኦቲስ ‹‹በቃህ ወንድሜ፣ በቃህ›› እያለ ክንዴን ያዘኝ። እንደ ሕፃን እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየኝ።

አሁን የቆዳ መሥሪያ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ እላለሁ እንጂ ቆዳ አልነካም። ምን ልቀርጽ? ለማንስ?

የተረፈውን ቆዳ በዚህ ጥቅል ልኬልሻለሁ። ልብሽ ከፈቀደ ክፈቺው፣ ካልፈቀደም ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ልጓሙ በግራ እጁ ነው፤ ባርኔጣው እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሸርተት ብሏል። ከሥሩ ምንም የለም። ብስኩት የለም፣ መሬትም የለም። ልጃችን አየር ላይ ተቀምጧል፤ ገና አልወደቀም።

እግዜር ልብሽን ያሳርፍልሽ። የእኔን ተይው።

የኮልተር አባት