ከዛፉ ሥር የሚጮኸው ድምፅ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ሁለት ክፍለ ጊዜ ሒሳብ አስተማርኩ። የሚዛን ከተማ ሙቀት አይጣል ነው። ምሳ በልቼ ስመለስ ባጃጅ ከኋላዬ መጣ... ዘልዬ ሱቅ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ሹፌሩ ሳቀ። «ጋሼ፣ መንገዱ እኮ ሰፊ ነው!» እኔም ሳቅሁ። ምን ልበለው? ሞተርህ የንብ ድምፅ አለው ልበለው?

ሐሙስ፣ የካቲት 13

እስቲ ልጻፈው።

አምና ግንቦት ነው። ትውልድ አገሬ ጌጫ ሰርግ ነበረብኝ። ከሰርጉ መልስ ማር ልቆርጥ ተነሳሁ። አባባ፣ «ሽቶ ሽቶ ትላለህ። ንብ ሽቶ አይወድም፣ ነገ ትወጣለህ» አለኝ። ነገ ሥራ አለብኝ ብዬ ቸኮልኩ። ከልጅነቴ የወጣሁበት ዛፍ ነው... በተወለድኩ ዓመት አባባ በስሜ ቀፎ የሰቀለበት። ምን ይሆናል ብዬ።

ቀፎውን ሳልነካ ንቦቹ ወረዱብኝ። በወጣሁበት ገመድ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። አባባ ከሥር ይጮሃል። «አይዞህ! ልጄ፣ አትወራጭ! አትወራጭ!» መሬት እስክነካ ድረስ ጮኸ።

እብጠቱ በሳምንት ጠፋ። ፍርሃቱ ግን... መጀመሪያ ንብ ብቻ ነበር። ከዚያ ዝንብ። ከዚያ ባጃጅ። ሽቶ መቀባት አቆምኩ። ማር ያለበት ጠረጴዛ ላይ አልቀመጥም። ተማሪዎች ገመድ ሲዘሉ እንኳ ዞሬ ነው የማልፈው። የሒሳብ መምህር ነኝ፣ እንዲህ ያለ ብዜት ግን አላስተማርኩም።

እሑድ፣ የካቲት 16

አባባ ደወለ። አላነሳሁም።

ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጥቶ ነው የሚደውለው። ሳይጮህ ደግሞ አያወራም። ባለፈው «ልጄ!» ሲለኝ ሸሚዜ በላብ ራሰ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ። ዘጋሁበት። የገዛ አባቴን ድምፅ...

ድሮ እኮ ቤት የሚያስገባኝ ያ ድምፅ ነበር። ጫካው ውስጥ ጭጋግ ሲወርድ መንገድ አይታይም። አባባ ከፊት ከፊት እየሄደ ያወራል፣ እኔ ወሬውን ተከትዬ እሄዳለሁ። ስለ ጉሬዛ ይዋሻል፣ ስለ አያቴ ጉልበት ይዋሻል... እያወቅኩ «ከዚያስ?» እላለሁ። ምነው መንገዱ ባላለቀ እል ነበር። ናፈቀኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

እህቴ ሰሎሜ ከጌጫ ደወለች። ተቆጥታለች።

«አባባን አኩርፈኸዋል?»

«አላኮረፍኩም።»

«ታዲያ ለምን አታነሳለትም? ‹አጥብቄ መከልከል ሲገባኝ ለቅቄው ያስነደፍኩት እኔ ነኝ› እያለ እንቅልፍ አጥቷል። ቀፎህን ለአማኑኤል ሊሰጠው ነው። ‹ልጄ ከእንግዲህ አይመጣም› ይላል።»

አማኑኤል የአጎታችን ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፣ ይሁንለት። ግን አሥር ወር ሙሉ ያኮረፍኩት መስሎታል?

ሁሉንም ነገርኳት።  «ድምፁን ነው የምትፈራው?» አለች። አዎ አልኳት። ያለቀሰች መሰለኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 19

ነገ እሄዳለሁ። ቦርሳዬን ሁለቴ አዘጋጅቼ ሁለቴ ፈታሁት።

እሑድ፣ መጋቢት 21 (ጌጫ)

ትናንት የቴፒው መኪና ዘግይቶ ከሰዓት ደረስኩ። አባባ ደጅ ቆሞ ነበር። አቀፈኝ። ምንም አላለም። ለማያውቀው ሰው እንኳ ከማዶ ሰላምታ የሚጮኸው ሰውዬ! ወንበር ሳበልኝ፣ በእጁ ተቀመጥ አለኝ። ጎዳሬ አቀረበልኝ፣ በዓይኑ ብላ አለኝ። ጎረቤት ገብቶ ሰላም ሲለው ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ለካ ሰሎሜ ነግራዋለች።

ጓሮ ተቀመጥን። አንገቱ ቀጥኗል። አንድ ነገር ሊል ይጀምርና አፉን በእጁ ይይዛል። አላስቻለኝም።

«አባባ፣ አውራ።»

እምቢ አለ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

«ግድ የለም፣ አውራኝ።»

«ድምፅህ ያመዋል አለችኝ እኮ» አለ፣ በሹክሹክታ።

«ይመመኝ። እንደ ድሮው ጮክ ብለህ አውራ።»

ጀመረ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰሎሜ ልጆች፣ ቀፎውን ለአማኑኤል ስለመስጠቱ... ቅር አለህ ወይ አለኝ። አይ አልኩ። ዋሸሁ፣ ቅር ብሎኛል። እየቆየ ረሳውና ድምፁ ከፍ አለ። ላብ በግንባሬ ወረደ፣ ጀርባዬ ረጠበ። አየኝ።

«ልተው?»

«ከዚያስ?» አልኩት።

እስኪመሽ አወራ። ሦስት ጊዜ ልተው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንዴም ተው አላልኩትም።