ባለፈውም የቀበርነው ሰውዬ

ውድ ይርጉ፣

ያ ሽፋኑ የተገነጠለ የድሮ የጽሑፍ መማሪያ «ደብዳቤ ሲጀመር አስቀድሞ የወዳጅን ጤና መጠየቅ ይገባል» ይላል። ያንተን ጤና ልጠይቅ ብል አንተው ራስህ ትስቅብኛለህ፤ ቅዳሜ ቀብረንሃል። ቀጥሎ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» በል ይላል። እሱንም ዘልዬዋለሁ። ሰው ሁሉ የሚጽፈው፣ ማንም የማያነበው መስመር ነው የሚመስለኝ።

መጽሐፉን ያመጣህልኝ አንተ ነህ። የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን አዳራሽ ሲጸዳ ከሚጣለው ካርቶን ውስጥ አንስተህ፣ «ክፍሉ፣ አንተ እንደሆንክ አፍ የለህም፤ እስቲ በእጅህ ተናገር» ብለህ ወረወርክልኝ። ዌርሃውስ ውስጥ በብሬክ ሰዓት እያነበብኩ የማመልከቻውን፣ የምስጋናውን፣ የሠርግ ጥሪውን አጻጻፍ ተማርኩ። ከሁሉም በላይ የሠራሁበት ግን ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። እዚህ ቴክሳስ፣ ጋርላንድም ይሁን ፎርት ዎርዝ፣ ሰው ሲሞት ኮል የሚደረገው ለእኔ ነው። መጽሐፉ ላይ «ደግ፣ ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» የሚል ናሙና አለ። የእኔ ሥራ ስም መቀየር ብቻ ነበር።

አንብቤ ወደ ቦታዬ ስመለስ ጎኔን ጎሸም አድርገህ፣ «ይሄን ሰውዬ ባለፈውም ቀብረነዋል እኮ!» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ፣ «እኔን በዚህ ብትቀብረኝ ተነስቼ ነው የምሄደው» አልከኝ።

ታዲያ ምን ሆነ መሰለህ? መኪና ውስጥ እንዳለህ ልብህ ድንገት ቆመ ሲሉኝ፣ ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ገለጥኩና ያንኑ ጻፍኩ። እጄ ሌላ አያውቅማ።

ሳክሲ ከተማ ድረስ፣ ልጅህ ሊና ቤት ሄጄ አነበብኩላቸው። እህትህ እትዬ ትርንጎ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ሊና ግን ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች።

«አንክል ክፍሉ፣ ማለቴ... ናይስ ነው። ግን ማን ነው?»

«አባትሽ ነዋ!»

«ዳዲ ትሑት አይደለም። ዳዲ ይጮሃል። ሰው ይሄን ሰምቶ ቤቱ ከሄደ፣ ዳዲን ማንም ጉድባይ አላለውም።»

እትዬ ትርንጎ ተቆጡ። «በይ ሙት ወቃሽ አታድርጊን! ወንድሜ በሰው ፊት አይዋረድም።»

የማንን ልስማ? ቀብሩ በማግስቱ ነው። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ናሙናውን እንደገና አየሁት። ከላዩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ፤ እኔ የምፈልገው ከታች ያለውን ስለነበር አንብቤው አላውቅም። «ይህን አይተህ መጽሐፉን ዝጋ፤ ሟቹን የምታውቀው አንተ ነህ» ይላል። የጻፈው ሰውዬ እንዳንተው ቁጡ ሳይሆን አይቀርም። ዘጋሁት።

በማግስቱ አዲስ የጻፍኩትን ወረቀት ይዤ ሰው ፊት ቆሜ፣ «ይርጉ ቁጡ ነበር» ብዬ ጀመርኩ። እትዬ ትርንጎ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እኔም ቀጠልኩ። «እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ መኪና መንዳት የተማራችሁት የእሱን ስድብ እየጠጣችሁ ነው። መንጃ ፈቃድ እስክትይዙ ግን አንዳችሁንም ለቆ አያውቅም። መንገዱ በረዶ ሲሆን ሳንጠራው ይመጣል፤ እየተሳደበ ሥራ ያደርሰናል፤ እየተሳደበ ይመልሰናል።»

ይሄኔ ማራኪ፣ ያቺ ፓርክ ማድረግ ስታስተምራት ያስለቀስካት፣ አሁን ትራክ የምትነዳው፣ ከመሃል አንተን ሆና ጮኸች። «ፍሬኑን ነው ያልኩሽ፣ አንቺ ደረቅ!»

ቀብር ላይ ሰው ሳቀ፣ ይርጉ። እትዬ ትርንጎም ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ሁሉም ተከተላቸው። ሊና የአክስቷን ክንድ ይዛ፣ «ዳዲ ነው፣ ዳዲ ነው» ትል ነበር።

እኔ አላለቀስኩም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና እንደ ልማዴ ወደ ቦታዬ ተመልሼ ቆምኩ። ጎኔን እስክትጎሽመኝ ጠበቅኩ። የዚህኛውን ቀብር ምን እንደምትል መስማት ፈልጌ ነበር።

ለካ ያ መጀመሪያ ላይ የዘለልኩት መስመር የተጻፈው ለዚህ ነው።

ደህና ነኝ፣ ይርጉ፤ ከናፍቆትህ በስተቀር።

ክፍሉ
ጋርላንድ