ጽጌ የቀደመችኝ ሱቅ

ሰኞ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጁባ

ካቶር መንገድ ዳር ያለውን ባዶ ሱቅ ጽጌ ተከራየችው። ለምግብ ቤት የተመኘሁት እኔ ነበርኩ። ፍልሰታ ሲገባ ሱባኤ ያዝኩ፤ እግዚአብሔር ፈቃዱን እስኪያሳየኝ ባለቤቱን ላላነጋግር ወሰንኩ። ጓደኛዬ ናት ብዬ ለጽጌ ቤቱን አሳይቼ "በጸሎት አግዢኝ" አልኳት። ምን ነበር ዝም ብል?

ዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ ቁልፉን አሳየችኝ።

"ዝም ስትዪ የተውሽው መስሎኝ ነው። እኔም እኮ ጸልያለሁ፣ ቦዳ ሞተር ላይ ተሳፍሬ፣ ሰውዬው ጋ እስክደርስ።"

"እንኳን ደስ አለሽ" አልኳት። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር እንጃ።

ቀናሁ። ለራሴ አልዋሽም። እኔ ስሰግድ ጉልበቴ ተላጠ፣ እሷን ቦዳ ላይ ሰማት። ወይስ እኔንም ሰምቶኝ፣ ተነስቼ መሄድ ብቻ ነበር የቀረኝ? ሱቁ እኮ ከቤቴ በእግር የሚደረስ ነው።

ስንለያይ "ሥራው እንዲቃናልኝ በጸሎትሽ አስቢኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት። ማታ ለጸሎት ቆሜ የሁሉንም ስም ጠራሁ፣ የቤተሰቤንም የጎረቤቶቼንም። የጽጌን የክርስትና ስም አውቀዋለሁ። ከአፌ ግን አልወጣም።