ልጆቹ ይተኩሱ፣ ወላጆች ከመስመር ኋላ ይቁሙ

ቀን፦ ጁን 24 ቀን 2019

ለሱርፕራ መንደር ምክር ቤት ሊቀመንበር
ለክብርት ወይዘሮ ኡርሲና ቬልቲን
ሱርፕራ፣ ግራውቡንደን

ጉዳዩ፦ ከአሥራ አራት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ወደ ዒላማ ተኩስ ሜዳው እንዳይገቡ በጁን 12 የተሰጠው ውሳኔ እንዲነሳ፣ እንዲሁም በልጄ በሴራይና ካዱፍ ላይ በቃለ ጉባኤ የሰፈረው እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

ምክር ቤቱ በዚህ ወቅት የመንገዱና የውኃው ጉዳይ እንደተደራረበበት ስለማውቅ ፍሬ ነገሩን አስቀድማለሁ። በውሳኔው ምክንያት ዘጠኝ ልጆች ከሜዳው ውጭ ሆነዋል። ሴፕቴምበር 14 በሚደረገው የመኸር መዝጊያ ተኩስ የልጆች ቡድን የሚኖረን ከእነዚህ ዘጠኝ ብቻ ነው። ከዘጠኙ አንዷ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ሴራይና ስትሆን፣ ውሳኔው ያረፈው «ባለማስተዋል የራሷን ዒላማ ለይታ አላወቀችም» በሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ስህተት ነው። ስህተት መሆኑን የማውቅ ሰው እኔ ነኝ።

አመልካች ማድላይና ካዱፍ እባላለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለውን የብረታ ብረት መደብር ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ይዣለሁ። ምሽት ላይ መደብሩን ስዘጋ የአየሩን ሁኔታ፣ ማን እንደመጣና ምን እንደተባለ በዕለት ማስታወሻ የመጻፍ ልማድ አለኝ። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ንግግሮች የተወሰዱት ከዚያው ማስታወሻ ነው።

1. በመንደራችን ወላጅ ልጁን ወደ ተኩስ ሜዳ የሚወስደው ዋና ሊያስተምረው ወደ ሐይቅ እንደሚወስደው ነው። እኔንም አባቴ በአሥር ዓመቴ ወስዶኛል፤ ክብርትነትዎንም አባትዎ እንደወሰዱዎት፣ በዚያም ዓመት ቀለሃ ስንጠርግ መጥረጊያ እንደተሻማን አስታውሳለሁ። ልጅ የመጀመሪያውን የጸደይ ወቅት አንድ ጥይት አይተኩስም። ቀለሃ ይጠርጋል፣ ባንዲራ ይሰቅላል፣ ላሞች ከሜዳው በላይ ባለው መንገድ ሲያልፉ ቀዩን ባንዲራ አውጥቶ መጨረሻዋ ላም እስክታልፍ ይቆጥራል። የሜዳው ኃላፊ ባልታዛር ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ልጆቹ ሁሉ «አጎት» ይሏቸዋል። ልጅ መጥቶ «ጠመንጃው ባዶ ነው» ቢላቸው የሚመልሱት አንድ ነው፦ «አትንገረኝ፣ አሳየኝ።» ሴራይና ይህን ከተማረች ወዲህ ቤት ውስጥ እንኳ የወተቱ ማሰሮ ባዶ ነው ስላት አላምን ብላኛለች።

2. ቅዳሜ ጁን 1 ዓመታዊው የመንደር ተኩስ ነበር። ማስታወሻዬ እንዲህ ይላል፦ «ጠዋት ጭጋግ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ጠራ። የገብስ ሾርባ፣ ቋሊማ፣ የለውዝ ኬክ። ወላጆች ከልጆች ይበዛሉ።» ይህን የመጨረሻውን ቃል ያለ ምክንያት አልጻፍኩትም። ልጆቹ ለመተኮስ ምንጣፋቸው ላይ በደረታቸው ጸጥ ብለው ተኝተው ሳለ ከኋላቸው የነበረው ጫጫታ የከብት ገበያ ይመስል ነበር።

«ትንፋሽሽን ያዢ!»

«ኧረ አትያዢ፣ ቀስ ብለሽ ልቀቂው!»

«እናትሽን አትስሚያት፤ እሷ ባለፈው ዓመት ጉቶ ነው የመታችው!»

«አንተስ? ጉቶውንም ስተኸዋል!»

አጎት ባልታዛር በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ «ማድላይና፣ እዚህ ያለው ጠመንጃ ሁሉ መቆለፊያ አለው። ለወላጅ አፍ የሚሆን መቆለፊያ ግን እስካሁን አላገኘሁም። አንቺ መደብር አይገኝም?» አሉኝ። ከፋብሪካ አዝዛለሁ አልኳቸው፤ ተሳሳቅን።

ሴራይና የደረሳት ሦስተኛው ቦታ ነበር። ከእሷ ቀጥሎ በአራተኛው ላይ የተኙት የምክር ቤቱ አባል አቶ ፕላቺ ሞን ናቸው። አቶ ፕላቺ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኩሰው ለከፍተኛ ነጥብ የሚሰጠውን የአበባ ጉንጉን ባጅ አንድም ጊዜ አግኝተው አያውቁም። ይህን የምጽፈው ለማሾፍ አይደለም፤ ራሳቸውም በየዓመቱ ይናገሩታል። እያንዳንዱ ተኳሽ ስድስት ጥይት ነበረው። ሁለቱ ጎረቤቶች በአንድ ትእዛዝ ጀምረው በአንድ ትእዛዝ ጨረሱ።

3. ከዚያ ጥይት ቆጣሪዎቹ ከሚቀመጡበት የዒላማ ጉድጓድ ስልክ ተደወለ። አጎት ባልታዛር የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገውት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«ሦስተኛው ላይ ዝንብ እንኳ አላረፈበትም!»

«አራተኛውስ?» አሉ ባልታዛር።

«አራተኛው ወንፊት ሆኗል! አሥራ ሁለት ቆጥረናል!»

የተኩስ ማኅበራችን የ1911 ደንብ በአንድ ዒላማ ላይ ከስድስት በላይ ቢገኝ የተሻሉት ስድስቱ ለዒላማው ባለቤት ይያዛሉ ይላል። ጥይት ስም አይጻፍበትምና ሌላ መላ የለም። መንደሩ ደንቡን በልቡ የያዘው «ከአጥር ወዲያ የወደቀ ፖም የወደቀበት ግቢ ባለቤት ነው» ብሎ ነው። በዚህ መሠረት አቶ ፕላቺ ከስድሳ ሃምሳ ስድስት አመጡና ባጁን ደረታቸው ላይ ተከሉ። ሴራይና ዜሮ ተጻፈላት።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ የተባለውን ክብርትነትዎም ስለነበሩ ሰምተውታል፦

«ፕላቺ፣ ባጁን አድርገህ ነው የምትተኛው?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ! ሚስቴን እንኳ ያን ያህል አልጠበቅኋትም።»

«የተኮስከው አንተ ነህ ወይስ ጎረቤትህ?»

«እኔ ስድስት ተኩሻለሁ። የት እንዳረፉ ጠመንጃውን ጠይቁት!»

ሰኞ ጁን 3 አቶ ፕላቺ ወደ መደብሬ መጥተው ባጁን በመሐረብ ጠቅልለው ለሴራይና አቀረቡላት። አልቀበልም አለች። «ደንብ ደንብ ነው፤ ፖሙ የወደቀው እርስዎ ግቢ ነው» አለቻቸው። እሳቸውም፣ «ፖሙስ ጣፋጭ ነበር» ብለው አንድ ፓኮ ሚስማር ገዝተው ወጡ። በውሳኔው ቀን አቶ ፕላቺ ድምፅ ከመስጠት መታቀባቸውን በአክብሮት እመሰክራለሁ፤ ይህ አቤቱታ በእሳቸው ላይ አይደለም። ባጁም ይመለስ አልልም።

4. ሐሙስ ጁን 6 የተኩስ ማኅበሩ ኮሚቴ ሴራይናን ጠርቶ ጠየቃት። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር።

«ሦስተኛው የአንቺ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ወደ አራተኛው ተኩሺ ያለሽ ሰው አለ?»

«የተኮስኩት እኔ ነኝ» አለች።

ወደ እኔ አልዞረችም። ኮሚቴው ከዚህ መልስ ተነስቶ «ባለማስተዋል» ብሎ ጻፈ፤ ምክር ቤቱም የዚህ ዕድሜ ልጆች ዒላማ ለይተው አያውቁም ብሎ ከስድስት ቀን በኋላ ወሰነ። ለጥንቃቄ ማሰቡን አልነቅፍም። እኔም ብሆን በእጄ በነበረው መረጃ እንዲሁ በወሰንኩ ነበር። መረጃው ግን ጎደሎ ነበር፤ ያጎደልኩትም እኔ ነኝ።

5. በጁን 1 ማስታወሻዬ ላይ ከላይ ያልጠቀስኳቸው ጥቂት መስመሮች አሉ። አሁን እጠቅሳቸዋለሁ።

ተኩስ ከመጀመሩ በፊት፣ ሴራይና ምንጣፏ ላይ እንደተኛች ከኋላዋ ሄጄ ተንበረከክሁ። ጠመንጃዋ ያነጣጠረው ወደ ትክክለኛው የዒላማ ሰሌዳ፣ ወደ ሦስተኛው ነበር። የጆሮ መከላከያዋን አንዱን ወገን በጣቴ ከፍ አድርጌ፣ «ያ ሁለተኛው ነው! ያንቺ ሦስተኛው ነው፣ አንድ ወደ ቀኝ!» አልኳት።

«እማ፣ ሰሌዳው ላይ እኮ ሦስት ይላል።»

«ከዚህ ሆነሽ ሦስት ይሁን ስምንት በምን ታውቂያለሽ? ቁጠሪ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሥራዬ መቁጠር ነው፣ እኔን ስሚኝ።»

ልጄ ሰማችኝ። አንድ ወደ ቀኝ ሄደች።

እኔ የቆጠርኩት ቆመው የሚታዩትን ሰሌዳዎች ነበር። ቁጥር አንድ ሰሌዳ በዚያ ሳምንት ለጥገና ወርዶ ስለነበር ቦታው ባዶ ነበር፤ በእኔ ቆጠራ ሦስተኛ የሆነው አራተኛው ነው። ይህን ማንም ቢዘነጋ እኔ ልዘነጋው አይገባም ነበር፤ ለጥገናው የሚሆኑትን አራት ብሎኖች ማክሰኞ ዕለት የሸጥኩት እኔ ነኝ። ለማኅበሩ ስለሆነ ቅናሽም አድርጌያለሁ።

ስልኩ ሲደወል ወዲያው ገባኝ። ዝም አልኩ። መጀመሪያ ነገሩ ቀልድ ስለነበር ዝም አልኩ፤ ኮሚቴው ፊት ደግሞ ቆጠራ አታውቅም እንዳልባል ዝም አልኩ። መንደሩ ሁሉ ብሎንና ሚስማር የሚገዛው በእኔ ቆጠራ ነው። ከኮሚቴው ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «ለምን አልተናገርሽም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አጎት ባልታዛር ጣቱ ቃታው ላይ ያለ ሰው፣ ኃላፊው እሱ ነው ብለውናል። ጣቱ የእኔ ነበር» አለችኝ። ጥቂት ሄድ ብላ ደግሞ፣ «ግን እማ፣ እኔ ሰሌዳው ላይ ያለውን አንብቤው ነበር» አለች። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብታነሳው ይሻለኝ ነበር።

6. እንግዲህ ምክር ቤቱ ሁለታችንን ጎን ለጎን አድርጎ ይመዝነን። አንዷ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ዒላማዋን ለይታለች፣ ቁጥሩን አንብባለች፣ የታዘዘችበት ሰሌዳ ላይ ስድስቱንም ጥይት አሳርፋለች፣ በኮሚቴ ፊትም ኃላፊነቱን ራሷ ወስዳለች። ሌላዋ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ተኩስ ሊጀመር ሲል የልጅ የጆሮ መከላከያ አንስታለች፣ በተሳሳተ ቁጥር አዛለች፣ ከዚያም አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ከሁለቱ ለሜዳው የምታሰጋው የትኛዋ እንደሆነች ለመወሰን የሩቅ መነጽር አያስፈልግም። በዚያ ቀን ከዒላማዎቹ ኋላ ካለው የመከላከያ አፈር ቁልል አንድ ጥይት አልወጣም፤ የወጣ ነገር ቢኖር የወላጅ ቃል ብቻ ነው።

ሌሎቹ ስምንት ልጆች ደግሞ ከነገሩ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። ባለፈው ቅዳሜ ሜዳው አጥር ላይ ተደርድረው ተቀምጠው አየኋቸው። አጎት ባልታዛር ብቻቸውን ቀለሃ ይጠርጋሉ፤ ልጆቹ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው፣ «እዚያ ጥግ ቀርቷል! ኧረ ከእግርዎ ሥር!» እያሉ ያዟቸዋል። ሽማግሌው መጥረጊያውን ወደ ሰማይ አንስተው፣ «እናንተም ወላጅ ሆናችሁብኝ!» አሉ። ልጆቹን ከአጥር ውጭ ብናቆያቸው የምናተርፈው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ. የጁን 12 ውሳኔ ተነስቶ ዘጠኙ ልጆች በቀድሞው ሥርዓት፣ በአጎት ባልታዛር ቁጥጥር፣ ወደ ልምምዳቸው እንዲመለሱ።

ለ. በቃለ ጉባኤው «ባለማስተዋል» የሚለው ቃል ተሰርዞ በምትኩ «በእናቷ የተሳሳተ ትእዛዝ» ተብሎ እንዲጻፍ። ስሜ ሙሉ ሆኖ ይጻፍ።

ሐ. ከተኳሾቹ ምንጣፍ አሥር ሜትር ወደ ኋላ ቢጫ መስመር እንዲሰመርና ተኩስ ባለበት ሰዓት ወላጅ መስመሩን እንዳያልፍ፣ እንዳይጠቁም፣ እንዳይጮህ። ቀለሙን መደብሬ በነፃ ይሰጣል። የሚከለከሉ ወላጆች ዝርዝር የሚዘጋጅ ከሆነ በመጀመሪያው ተራ የእኔ ስም ይግባ። ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ ሳልከለከል ራሴን ከልክያለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሾርባውን የማማስለው እኔ ነኝ።

ይህን አቤቱታ ከመላኬ በፊት ጉዳዩ የእሷም ስለሆነ ለሴራይና አስነበብኳት። ስለ ብሎኖቹ ስትደርስ በጣም ሳቀች። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተቀብላዋለች፤ አንድ ነገር ብቻ አርማለች። በተራ ቁጥር «ሐ» መስመሩ ከምንጣፉ አምስት ሜትር ይራቅ ብዬ ነበር። እርሳሷን አንስታ አምስቱን ሰረዘችና አሥር አደረገችው። እርማቱ ተገቢ ሆኖ ስላገኘሁት ተቀብያለሁ፤ ምክር ቤቱም አሥር ብሎ እንዲያጸድቀው እለምናለሁ።

ለክብርትነትዎና ለምክር ቤቱ አባላት ካለኝ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ማድላይና ካዱፍ (ፊርማ)
የብረታ ብረት መደብር ባለቤት፣ ሱርፕራ

አንብቤ የተስማማሁ፦ ሴራይና ካዱፍ (ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለተኩስ ማኅበሩ ኮሚቴ
ለአቶ ፕላቺ ሞን